ቡና ይዛለች

እታገኝ ጨርቅ ትተኩሳለች። በግራ እጇ የጨርቁን ጫፍ ወጥራ ይዛ በቀኟ የከሰል ካውያውን ትገፋለች። ካውያው ሲቀዘቅዝባት ወደ በሩ ወጣ ትልና ከሰሉ እንዲግም ወዲያ ወዲህ አወዛውዛው ትመለሳለች። ጨርቆቹ አዲስ አይደሉም። ከፊሉ የአልጋ ልብስ ነበር፣ ከፊሉ የሕፃን መታቀፊያ፤ አንዱ የዘይቡ የድሮ መጋረጃ ነው፤ አንዱ ደግሞ ጥለቱ ተተርትሮ የወጣለት ነጠላ። ሁሉም በእንዶድ ታጥበዋል፣ በትልቁ ብረት ድስት ተቀቅለዋል፣ ከጓሮው ሙዝ ኋላ ሰው በማያያቸው ቦታ ደርቀዋል። አሁን ይተኮሱና በአራት እየታጠፉ ክዳን ያለው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ይገባሉ። ካውያውን ስፌቱ ላይ ስታደርስ ቆም ታደርገዋለች። ተውሳክ የሚደበቀው ስፌት ውስጥ ነው ብላ ታምናለች።

«እንኪ ይኸን ደግሞ» አለች ዘይቡ በጓሮ በር ገብታ፣ ከሻሿ ስር ጥቅልል ነገር እያወጣች። «የሱሌይማን ሸሚዝ ነው። ሲፈልገው አይጥ በላው እለዋለሁ።»

«ያለፈውንም አይጥ በላው ነው ያልሽው።»

«ታዲያ ጅማ መች አይጥ አጣች፣ እትዬ? ወላሂ፣ እኔ ቤት ያለው አይጥ እህል አይነካም፤ ሸሚዝ ብቻ ነው የሚበላ።»

እታገኝ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ድምፅ አውጥታ መሳቅ አይሆንላትም ነበር።

ዘይቡ ከአጥር ወዲያ ያለች ጎረቤቷ ናት። ባሏ ሱሌይማን ልብስ ሰፊ ነው፤ ስለሸሚዞቹም ከአይጡ ይልቅ እሱ ራሱ ያውቃል። እታገኝ በውስጠኛው ክፍል ሥራ ላይ ስትሆን ሱሌይማን የስፌት መኪናውን ተሸክሞ አጥሩ ጥግ ያመጣና ጨርቅ ሳያገባ ባዶውን ይረግጠዋል። ከዚያ ክፍል የሲቃ ድምፅ ቢወጣ መንገደኛው የሚሰማው የመኪናውን ኳኳታ ብቻ ነው። ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የጠየቀውም የለም።

እታገኝ ጅማ የመጣችው ገና ልጅ ሳለች፣ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረውን ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ ጊቤ በረሃ ውስጥ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እሷም አገሯ መመለስ አፈረችና ሆስፒታል በጽዳት ተቀጠረች። ቆይታ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆነች። በማዋለጃው ክፍል ብዙ ዓመት ስትኖር የለመደችው ነገር ቢኖር ከሊሙ፣ ከሸቤ፣ ከሰኮሩ በቃሬዛ የሚመጡትን ሴቶች ነው። በር ላይ ሲደርሱ አምጪዎቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ «ወባ ይዟት።» ነጠላው ሲገለጥ ወባ አይደለም። አንዷ ቅጠል ጠጥታለች፣ ሌላዋ መንደር ውስጥ በእንጨት ተነካክታለች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ያደርጋሉ፤ ያመለጣቸውን አጥባ የምትገንዘው ግን እታገኝ ናት። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበር፤ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ሥራውን በትዕግሥት አስተማራት፣ መሣሪያውንም ተወላት። «ሬሳ ማጠብ ሰለቸኝ» አለችው። ሌላ ምክንያት አልሰጠችውም፤ እሱም ሌላ አልጠየቃት። ጡረታ ስትወጣ የሚያውቋት ሴቶች በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ።

ሕጉ ያስወረደችውንም ያስወረደላትንም ያስራል። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው፤ ለሳቅም ለለቅሶም ቀበሌ የሚጠየቅበት። ወንዶቹ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሳሉ፤ ሴቶቹ ባልና ወንድም ለማስፈታት በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ ይጠናሉ፤ ደጅ የጠኑበትም ሰው ያለ ዋጋ አይሸኛቸውም። ከዚያ በኋላ መሄጃቸው እታገኝ ቤት ነው። መጥተው ደግሞ ብቻቸውን አይሆኑም። ብርሃንነሽ የምትባል ከመንገድ ማዶ ያለች ሴት አጥሚት ትልካለች። ዘይቡ አልጋ ታነጥፋለች፣ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ታጥባለች። ቲጃኒ ባለጋሪው ከአውቶቡስ ማቆሚያ ያመጣቸዋል፤ ሲመልሳቸው ፈረሱን በዝግታ ነው የሚነዳ፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ወርዶ ልጓሙን ይዞ ያሳልፋል።

በሰፈሩ ሴቶች ዘንድ ለዚህ ነገር አንድ ቃል ነበር። ያን ጊዜ ቡና ያለ መንግሥት ፈቃድ ከጅማ ማውጣት ኮንትሮባንድ ነው። ሰኮሩ ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ የመንገደኛውን ስልቻ ሁሉ ይወጋሉ። አንዲት ነጋዴ ቅርፊቱ የተፈለፈለ ቅሽር ቡና ሆዷ ላይ አስራ እርጉዝ መስላ ስታልፍ ኖራ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ጠባቂዎቹ ሆዷ የገፋ ሴት ባዩ ቁጥር በዱላ መነካካት ያዙ። አንድ ቀን የእውነት እርጉዝ የሆነች የሊሙ ገነት ሴት ሆዷን ሲነካኳት፣ «ቡና ከሆነ እሰየው፣ ወንድሜ፤ ውረሰውና አንተው አሳድገው» አለች አሉ። ዘይቡ ይህን ወሬ ሰምታ ስትስቅ ሰነበተች። እንደዚህ እንደዚህ እያለ ያልፈለገችውን ያረገዘች ሴት በሰፈሩ «ቡና ይዛለች» ተባለች። እታገኝ ቤት መጥታ ስትገላገል ደግሞ «አራገፈች»። ወንዶቹ ፊት ቢነገር የሚጠረጥር የለም፤ ጅማ ውስጥ ሰው ከቡና ሌላ ምን ያወራል?

መድና የመጣችው በዚያው ጨርቅ በተተኮሰበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የሸቤ ልጅ ናት፤ በመንግሥት የቡና መጋዘን ለቃሚ። ቲጃኒ ደግፎ ከጋሪው አወረዳት። ዕድሜዋ ልጅ፣ እጆቿ ግን ጀንፈል፣ ቅርፊቱ ያልወጣ ደረቅ ቡና፣ ሲፈለፍሉ የጠቆሩ፣ ጥፍሯ ስር ጥቁር የገባባቸው ናቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ ወንድሟን ከውትድርና አስቀርልሻለሁ ብሎ ለብቻዋ አስጠራት። ወንድሟም አልቀረ፣ እሷም አልተረፈች።

«ሌላ ቦታ የጠጣሽው ነገር አለ?» አለቻት እታገኝ።

መድና «ሥር ነው፤ መራራ ነው» አለች።

«መቼ?»

«ባለፈው ጁምዓ። ምንም አላደረገልኝም ብዬ ነው የመጣሁት፣ አዴ። አሁን አሁን ግን ሆዴን ይቆርጠኛል።»

እታገኝ እጇን የልጅቷ ግንባር ላይ አሳረፈች። ዘይቡን ቀና ብላ አየቻት።

«አዴ፣ ማሎ» አለች ልጅቷ የእታገኝን እጅ ይዛ እየለመነች፣ «ለራሴ ብዬ አይደለም። አባቴ አባቦራ እኔን አይነካኝም። ሰውየውን ነው የሚገድለው። ከዚያ እነሱ እሱን ይገድሉታል። እሱ ሳይሰማ ልመለስለት። ማሎ፣ አባቴን አትርፉልኝ።»

«ምን ብለሽው ወጣሽ?»

«አክስቴ ታማለች ብዬ። ከሐሙስ በፊት እመለሳለሁ ብዬዋለሁ። ካልተመለስኩ መጋዘን ሄዶ ነው የሚጠይቀው። እዚያ ደግሞ የሚያውቁ አሉ፤ ሳቃቸውን ብቻ ቢያይ ይበቃዋል።»

እታገኝ ከሐሙስ በፊት ይህች ልጅ መንገድ እንደማትችል ገብቷታል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ቃል ገባችላት። «ሐሙስ የሸቤ ገበያ ነው። እኔ ራሴ ሄጄ አባትሽን አገኘዋለሁ። ወባ ይዟት እኔ ዘንድ ተኝታለች እለዋለሁ። ነጭ ጋወኔን ይዤ ነው የምሄደው፤ የሐኪም ቤት ሰው ነኝ።»

«እርስዎ ካሉት ያምናል» አለች መድና። «የሐኪም ሰው ያከብራል።»

ከአጥሩ ወዲያ ሱሌይማን መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

ሥራው ከወትሮው ረጅም ነበር፤ የተጠጣው ሥር አበላሽቶታል። ሲያበቃ ግን ደሙ ረገበ፣ ልጅቷም አጥሚቷን ጠጥታ እንቅልፍ ወሰዳት። ዘይቡ ከእግሯ ስር ቁጭ ብላ በዱዓ አደረች። ነጋ፤ ትኩሳት አልነበረም። ዘይቡ ደስ ብሏት እህሏን ተሸክማ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ላይ ብርሃንነሽ አገኘቻት። «እንግዳሽስ?» አለቻት በዝግታ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘይቡ። «የሸቤዋ ቡናዋን እትዬ እታገኝ ቤት አራግፋ ተኝታለች።»

ከኋላቸው የቀበሌው ጥበቃ ሽበሺ ሰልፉን ያስተካክል ነበር።

እታገኝ ደጅ ላይ የእግር ኮቴ ስትሰማ ከሰፈሩ ጠላ ቤት የመጣ እንግዳ በር የተሳሳተ መሰላት። በሩ ሲከፈት ሽበሺ ነው፤ ከኋላው መሣሪያ የያዙ ሁለት ጓዶቹ አሉ።

«እማማ እታገኝ፣ ቤቱን እንፈትሻለን። ይፍቀዱልን።»

«ምን ጠፍቶ ነው፣ ልጄ?»

«ቡና።»

ሁሉንም አውቀዋል ብላ ነበር። አንደኛው ጎንበስ ብሎ የበቆሎውን ጆንያ ሲያሸት ስታይ ግን ነገሩ ገባት፤ ቡና ሲሉ ቡና ማለታቸው ነው። ሊያስቃት ምንም ያህል አልቀረውም። ወዲያው ደግሞ የውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ትዝ አላት።

ጆንያውን ወጉት። ዱቄቱን በእጃቸው ዛቁት። ሽበሺ የብስኩቱን ጣሳ ከፈተ።

«ይሄ ሁሉ ጨርቅ ምንድን ነው?»

«አርጅቻለሁ፣ ልጄ። ብዙ ነገር ያመልጠኛል።»

ጓዶቹ ሳቁ። ሽበሺ ጣሳውን እጁ የቆሸሸ ይመስል በጣቱ ጫፍ ከደነው።

ያን ጊዜ የስፌት መኪናው አጥሩ ጥግ መኳኳት ጀመረ፤ ሱሌይማን አይቷቸዋል ማለት ነው። ዘይቡ ከወፍጮ ቤት ተመልሳ ኖሯል፤ በጓሮ በኩል ጫማዋ ሲሸረተት ሰማች። ልጅቷን ተሸክመው በአጥሩ ቀዳዳ ሊያሳልፏት ነው፤ ግን ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ሽበሺ ወደ መጋረጃው ተራመደ። እታገኝ ከፊቱ ቆመች። በሕይወቷ ሰው መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

«ቡና ከሌለ ምን ያስጨንቅዎታል?» አላት።

«ቡናውስ ነበር» አለች።

ሦስቱም ቆሙ።

«ነበር። ትናንት ወጥቷል። ሰኮሩ ሄዷል።»

«የማን ቡና ነው?»

«የእኔው ነው።»

«ያመጣችው የሸቤ ሴትስ የት ናት?»

«ሄደች። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።» ዱካ ሳበችላቸው። አንዱ ተቀመጠ። የማታውቀውን የቡና ንግድ ከወዲያም ከወዲህም እየቀጣጠለች አወራች፤ ስልቻውን፣ በቅሎውን፣ በሌሊት መጣ ያለችውን ሰው። ስታወራ ጆሮዋ ጓሮ ነው። የስፌት መኪናው ዝም አለ። ያን ጊዜ እሷም ዝም አለች።

ሽበሺ ገብቶ አልጋውን ዳሰሰው። «ሙቅ ነው» አለ ተመልሶ። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ይላት ነበር። «ተነሺ» አላት።

የታሰረችበት ክፍል ቀድሞ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር፤ ቀበሌው ከወረሰው ወዲህም የጀንፈሉ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። በማግስቱ ዘይቡ ምግብ ይዛ መጣች። አገልግሉ የአንድ ሰው አይደለም፤ የብርሃንነሽ ሽሮ፣ የዘይቡ ገንፎ፣ ስሟን የማታውቃቸው ሴቶች የላኩት ቆሎ ነበረበት። ሽበሺ ገንፎውን በእንጨት ወጋ ወጋ አደረገው።

«ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?»

«አንተ ነህ እንጂ» አለችው ዘይቡ። «አገር ስትወጋ ውለህ አይርብህም?»

እሱ ግን ከመሃላቸው አልተነሳም። ዘይቡ የእታገኝን ፊት እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ አብጧል። እታገኝ ልጅቷ ደህና እንዳልሆነች አወቀች። መድና የምትፈለግ ሴት ናት፤ ስሟን ማንሳት አይቻልም። በኦሮምኛ እንዳትናገር ሽበሺ ከእሷ ይበልጥ ያውቃል። የቀራት ያ ያሰራት ቃል ብቻ ነበር።

«ያ የቀረው ቡና» አለች ቀስ ብላ፣ «ሞቋል እንዴ?»

«ከሌሊት ጀምሮ ሞቋል፣ እትዬ። እንደ እሳት።»

«እንግዲያው ቤት አታቆዪው። ከእጅ ይወጣል። አሁኑኑ ትልቁ ማጠቢያ ውሰዱት። ምን ይሉናል አትበሉ፤ እዚያ የሚያውቁኝ አሉ።»

«በቲጃኒ ጋሪ?»

«በቲጃኒ ጋሪ።»

ዘይቡ አገልግሉን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ሽበሺ ከኋላዋ እያየ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መሣሪያውን አነገተና ለጓደኛው፣ «ያልወጣ ቡና አለ» ብሎት ሄደ። እታገኝ የበሩን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ጠራችው። «ሽበሺ፣ ልጄ» አለች። ድምፅዋ ግን ከመቼ ወዲህ ከፍ ብሎ ያውቃል? አልሰማትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘይቡ ረቡዕ ዕለት ነገረቻት። ያን ቀን ሽበሺ አጠገባቸው አልነበረም፤ መጠበቅ የሚያስፈልገው ነገር አልቀረም። ጋሪውን ሆስፒታሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እነ ሽበሺ አስቆሙት። መድና በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። የጋሪውን መቀመጫ ቀደዱት፣ የፈረሱን ገለባ በተኑት፣ ቲጃኒን በጥፊ መቱት። ቡና የለም። ሽበሺ ብርድ ልብሱን ገለጠው።

«ሲያየው ፊቱ አመድ ሆነ» አለች ዘይቡ። «ልጅ ነው፤ ደም አይቶ አያውቅም። እኔ፣ ‹ቡናው ይኸው፣ ውረሰው› አልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹ወባ ነው› አልነው፣ አመነም አላመነም። ጓዶቹ ግን የሸቤዋ ናት አሉ፤ አስረን ካልወሰድን አሉ። እነሱ ሲከራከሩ ፀሐይዋ ዞረች። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል አደረስናት። እዚያ ያሉት ምንም አልጠየቁም፣ እትዬ። የአንቺን ስም ስጠራ አንዷ ነርስ ብድግ ብላ በራሷ እጅ ገፋቻት። ነፍሷ አለ። ግን አትናገርም። የፈሰሰው ፈሷል። በር ላይ ጥበቃ ቆሟል።»

እታገኝ አንገቷን ደፋች። በአእምሮዋ ጋሪው የቆመበትን ቦታ አየችው፤ ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለውን ዛፍ ሁሉ ታውቀዋለች። ያስቆመው የራሷ ቃል ነው።

«አባቷስ?» አለች።

ዘይቡ ወደ እንጨቱ ተጠጋች። «ከሸቤ ቡና ሰርቃ አመጣች ነው የሚሉት። ትናንት ለመጋዘኑ ኃላፊ ስልክ ደወሉለት። እሱም አዎ ሌባ ናት፣ ስጠረጥራት ነበር አለ። ለአባቷ እኔው እነግራለሁ፣ አስጠርቼው እነግረዋለሁ አለ።»

«እሱ?»

«እሱ ራሱ።»

ከውጭ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስለ ስብሰባ ይለፍፋል።

«አስጠርቶ ሳይነግረው ሰው ቢቀድም» አለች እታገኝ። «ወባ ይዟታል የሚለውን ቀድሞ ከሰማ ሌባ ናት ያለውን አያምንም። ወደ መጋዘኑ ሳይሆን ወደ ሆስፒታሉ ነው የሚመጣ።»

«ሱሌይማን ሊሄድ ነበር። የይለፍ ወረቀት ከለከሉት። እኔንም። ቲጃኒ ጋሪውን ወርሰውበታል። ብርሃንነሽን ባሏ ከወጣሽ አትመለሺም አላት።» ዘይቡ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። «ሁሉንም በር አንኳኩቻለሁ፣ እትዬ። ሰዉ ፈርቷል። በደጄ እንኳ የሚያልፍ የለም። ትናንት አንዲት የሊሙ ሴት በጓሮ መጣች፤ ቡና ይዣለሁ ስትለኝ በሩን ዘጋሁባት። ምን ላድርግ? አንቺ የለሽም።»

እታገኝ እጇን በእንጨቱ መሃል አሾልካ የዘይቡን ጣቶች ያዘች።

ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ዘነበ። ከእስር ቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሩቅ ስላልሆነ የረዳቱ ጩኸት ይሰማል፤ «ሸቤ፣ ሸቤ፣ አንድ ሰው፣ ሸቤ።» እታገኝ ግድግዳውን ተደግፋ ለአባቦራ የምትለውን በልቧ አዘጋጅታ ነበር። አባባ፣ ልጅዎ ወባ ይዟት እኔ ዘንድ ናት። አይደንግጡ፤ መጋዘን ሄደውም ማንንም አይጠይቁ፤ ከእኔ ጋር ይምጡ። ይህን ይህን ትለውና እጁን ይዛ፣ ከገበያው መሃል አውጥታ፣ አውቶቡስ ላይ ታሳፍረው ነበር።

ረዳቱ ደጋግሞ ጮኸ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩም ዳገቱን ሲይዝ ድምፁ እየራቀ ሄደ። እታገኝ ሸቤ አልሄደችም።